ባሌ ጫማው ነው ይላል

ሰላም እትዬ እንደምን ከረሙ። በባሌ ነገር መሮኝ ነው የጻፍኩት። የታክሲ ሹፌር ነው፣ እናቱን ጉንፋን ሲይዛቸው ስራ ፈቶ ሀኪም ቤት ይዟቸው ይሮጣል፣ እሱን ግን ሀኪም ይይህ ስለው ይነጫነጫል። የግራ እግሩ አውራ ጣት ጥፍር ላይ ጥቁር መስመር አለችው፣ አምና ፋሲካ አካባቢ ቀጭን ነበረች አሁን ሰፍታለች። ጫማ ጠቦኝ ነው ይላል፣ ፋርማሲ እየሄደ የፈንገስ ቅባት ይገዛል ብሩን ይጨርሳል። አለርት ሆስፒታል እንሂድ ስለው ደግሞ እናቱ ልጄን ቆማጣ ልታስብዪው ነው ብለው ጮኹብኝ ጎረቤት ሁሉ ሰማ፣ ይኸው ተኮራርፈናል። ለሱ ብዬ እኮ ነው! አሁን ጥቁሩ ከጥፍሩ ስር ያለውን ቆዳም ትንሽ ነክቶታል፣ ቅባቱ ይሆናል። ብቻ እናቱ ጥፍሩን ነቅሎ በብረት የሚተኩስ አዋቂ አግኝተው ለቅዳሜ ተቀጣጥረዋል፣ ቤቴ ሰላም እንዲያገኝ ዝም ልበል ወይስ?

የመረራት፣ ከኮልፌ

*

እህቴ የቅዳሜውን ቀጠሮ ዛሬውኑ አሰርዢ።

አንቺ "ቅባቱ ይሆናል" ብለሽ ያለፍሻት ነገር ናት ያስደነገጠችኝ። የፈንገስ ቅባት ቆዳ አያጠቁርም። ጥቁሩ ከጥፍር አልፎ ቆዳ ላይ ሲወጣ ሀኪም ቶሎ የሚጠረጥረው ሜላኖማ የሚባለውን የቆዳ ካንሰር ነው። ነው አላልኩም፣ ጠቆር ያልን ሰዎች ጥፍር ላይ መስመር ብርቅ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ በርከት ያለ ጥፍር ላይ ይወጣና ምንም አያመጣም። አንድ ጥፍር ላይ ብቻ ሆኖ እየሰፋ ሲሄድ ግን ዝም አይባልም። ጫማ ያቆረው ደም ቢሆን ከጥፍሩ ጋር ወደፊት እያደገ ከስሩ ንጹህ ጥፍር ይተካ ነበር።

የቆዳ ካንሰር የፈረንጅ ነው ጸሀይ የሚያመጣው ነው የሚል ሰው ይበዛል፣ ጥቁር ሰው ላይ ሜላኖማ በብዛት የሚወጣው እኮ ጸሀይ በማያየው ውስጥ እግር፣ መዳፍና ጥፍር ስር ነው። ቦብ ማርሌይ በምን ሞተ? የእግሩ አውራ ጣት ላይ ነበር፣ ኳስ ሲጫወት የተመታው ነው ተባለ፣ በፈረንጆቹ 1977 ሜላኖማ መሆኑ ታወቀ፣ ጣቱ ይቆረጥ ሲሉት እምቢ አለ፣ በ1981 በ36 ዓመቱ አረፈ።

አዋቂው ከተኮሰው ደግሞ ሀኪሙ የሚመረምረው ስጋ አብሮ ያርራል፣ ላዩ ሲድን ስሩ ያለው ይቀጥላል። ሆስፒታል ጣቱን አደንዝዘው ከጥፍሩ ስር ትንሽ ናሙና ይወስዳሉ፣ ባዮፕሲ ነው፣ በማይክሮስኮፕ ታይቶ ካንሰር ከሆነ ምን ያህል እንደጠለቀ በሚሊሜትር ይለካል። ሁሉ ነገር ያለው እዚህ ልኬት ላይ ነው። የላይኛው የቆዳ ሽፋን ላይ ብቻ ካለ ዙሪያውን ካለው ጤነኛ ቆዳ ጋር ቆርጠው ያወጡታል፣ ብዙውን ጊዜ ህክምናው በዚያው ያልቃል ኬሞም የለ፣ ጣቱም ሊተርፍ ይችላል፣ ከሌላ ቦታ ቆዳ ይለጥፉበታል። ከጠለቀ ግን ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ይሆንና ከዚያ ወዲያ ሳንባና ጉበት ድረስ መሄድ ይችላል።

ባሌ ይነጫነጫል አልሽ፣ እኔ ያናደድሽኝ አንቺ ነሽ። አንድ ዓመት ሙሉ መስመሯን ስትከታተይ ከርመሽ አሁን ለቤት ሰላም ዝም ልበል? ያኩርፉ! አለርት የሥጋ ደዌ ብቻ የነበረው ድሮ ነው፣ ዛሬ ማንኛውም የቆዳ ህመም ይታይበታል፣ ደግሞ ለኮልፌ ደጃችሁ ነው። ሰው ያየናል ካሉም የቆዳ ስፔሻሊስት ያለበት ሌላ ሆስፒታል ሂዱ።

ሰኞ ጠዋት ሂዱ። ቅባቱን አጥቦ ይምጣ፣ ውስጥ እግሩንም ሌሎቹን ጥፍሮችም ያሳይ፣ ሰፋች ያልሽውን ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አንቺ ተናገሪ እሱ ያድበሰብሳል። እማማንም ይዘሻቸው ሂጂ፣ ከሀኪሙ አፍ ይስሙት።