ስለ አላን ፕሮስት ጥያቄና መልስ፦ አራት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነውና በግማሽ ነጥብ የተሸነፈው ፈረንሳዊ

የአባላቱን ጥያቄዎች ከመቀበሌ በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በ1980ዎቹ በፎርሙላ 1 የመኪና ውድድር አንደኛ የወጣ 9፣ ሁለተኛ 6፣ ሦስተኛ 4፣ አራተኛ 3፣ አምስተኛ 2፣ ስድስተኛ 1 ነጥብ ያገኝ ነበር፤ ከ1981 እስከ 1990 ድረስ ደግሞ ለሻምፒዮንነት የሚቆጠሩት የአንድ ተወዳዳሪ 11 ምርጥ ውጤቶች ብቻ ነበሩ። ስለዚህ የዓመቱን የነጥብ ደንብ ሳይመለከት ማንም እንዳይፈርድ እለምናለሁ። የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እስቲ ስለ ፕሮስት ይንገሩን።

መልስ፦ ጥያቄው ወሰን የለውም። የካቲት 24 ቀን 1955 በፈረንሳይ ሎሬት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ፤ በካርቲንግ (በትናንሽ መኪኖች ውድድር) ጀምሮ በ1980 በማክላረን ቡድን ወደ ፎርሙላ 1 ገባ፤ በ1985፣ በ1986፣ በ1989 እና በ1993 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ 51 ውድድሮችንም አሸነፈ። ከዚህ በኋላ የምትጠይቁ ሁሉ ዓመቱን ወይም ውድድሩን ለይታችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ በ1984 ከኒኪ ላውዳ የበለጠ ብዙ ውድድር አሸንፎ ሳለ ዋንጫውን እንዴት አጣ?

መልስ፦ ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው። በዚያ ዓመት ሁለቱም በማክላረን ቡድን ነበሩ፤ ፕሮስት 7፣ ላውዳ 5 ውድድር አሸነፉ። በመጨረሻ ላውዳ 72፣ ፕሮስት 71.5 ነጥብ ሆነ። ግማሿ ነጥብ የመጣችው ከሞናኮ ነው። በዚያ ቀን ከባድ ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ ፕሮስት እየመራ፣ ወጣቱ አይርተን ሴና በደካማዋ የቶልማን መኪና በየዙሩ እየቀረበው ሳለ፣ ውድድሩ በ31ኛው ዙር ላይ እንዲቆም ተደረገ። የታቀደው ርቀት ስላልተሸፈነ አሸናፊው በ9 ፈንታ 4.5 ነጥብ አገኘ። ብዙ ሰው ውድድሩ መቋረጡ ፕሮስትን እንደጠቀመው ያምናል፤ ስሌቱ ግን ተቃራኒውን ያሳያል። ላውዳ አስቀድሞ ከውድድሩ ወጥቶ ስለነበር ከሞናኮ ምንም አላገኘም። ውድድሩ እስከ ፍጻሜው ተካሂዶ ሴና ፕሮስትን ቢያልፈውና ፕሮስት ሁለተኛ ቢወጣ እንኳ ሙሉ 6 ነጥብ ያገኝ ነበር፤ ድምሩም 73 ሆኖ ላውዳን በአንድ ነጥብ ይበልጥ ነበር። በሌላ አነጋገር በዚያ ቀን ተሸንፎ ቢሆን ኖሮ በዓመቱ መጨረሻ ሻምፒዮን ይሆን ነበር።

ጥያቄ፦ በአፍሪካ ምድር ተወዳድሮ ያውቃል?

መልስ፦ አዎን፣ በደቡብ አፍሪካ በካያላሚ። በ1982 እየመራ ሳለ ጎማው ተበላሽቶበት አንድ ዙር ወደ ኋላ ከቀረ በኋላ ሁሉንም መልሶ አልፎ አሸነፈ። በ1983 ግን ኔልሰን ፒኬን በ2 ነጥብ እየመራ ለመጨረሻው ውድድር ወደዚያው መጥቶ፣ በዚያን ጊዜ ይነዳት የነበረችው የሬኖ መኪና ተርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መሣሪያ) ስለተበላሸ አቋርጦ ወጣ፤ ፒኬ ሦስተኛ በመውጣት 59 ለ57 በልጦት ሻምፒዮን ሆነ። ሬኖም ብዙ ሳይቆይ አሰናበተው። በ1993 በዊሊያምስ መኪና የመጀመሪያ ድሉን ያገኘው በዚሁ ሜዳ ነው።

ጥያቄ፦ «ፕሮፌሰሩ» የተባለው ለምንድን ነው? የተማረ ስለሆነ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ በአነዳዱ ነው። ከ1984 ጀምሮ በውድድር መካከል ነዳጅ መሙላት ተከልክሎ ነበር፤ በ1986 ደግሞ ለአንድ ውድድር የሚፈቀደው 195 ሊትር ብቻ ነበር። የተርቦ ሞተር የሚበላውን ለሚያውቅ ሰው ይህ ልክ በጣም ጠባብ ነው። እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ የማያነሳ ሾፌር መንገድ ላይ ይቀራል። ፕሮስት ፍሬኑን በለስላሳው ይይዛል፣ መሪውን በኃይል አይጠመዝዝም፣ ጎማውን ለመጨረሻዎቹ ዙሮች ያቆያል፤ ቅዳሜ ለመነሻ ቦታ ከመሽቀዳደም ይልቅ መኪናውን ለእሑዱ ውድድር ያስተካክላል። ከውጭ ሲታይ የሚዘገይ ይመስላል፤ ሰዓቱን የያዘ ሰው ግን እውነቱን ያያል።

የዚህ ሁሉ ማሳያ በ1986 በአውስትራሊያ አደላይድ የተደረገው የመጨረሻው ውድድር ነው። ናይጄል ማንሴል ሦስተኛ መውጣት ይበቃው ነበር፤ ፕሮስት ግን ማሸነፍ ነበረበት። ፕሮስት በመካከል ጎማው ተንፍሶ ለመቀየር ቆመና ወደ ኋላ ቀረ። ቆየት ብሎ የማንሴል የኋላ ጎማ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ በከፍተኛ ፍጥነት ፈነዳ። የማንሴልና የፒኬ ቡድን የነበረው ዊሊያምስ ያው አደጋ እንዳይደገም ፈርቶ ይመራ የነበረውን ፒኬን ጎማ ለመቀየር ጠራው፤ ፕሮስትም ወደ ፊት ወጥቶ አሸነፈና ዋንጫውን ወሰደ። የነዳጅ መለኪያው ማለቁን እያሳየው ነው የነዳው፤ የመጨረሻውን መስመር እንዳለፈም ወዲያው መኪናዋን አቁሞ ወረደ። በዚያው ዓመት በጀርመን ሆከንሃይም በመጨረሻው ዙር ነዳጅ አልቆበት መኪናውን በእጁ እስከ መግፋት ደርሶ ነበር፤ በዚያ ውድድር 6ኛ ተብሎ ተመዘገበ።

ጥያቄ፦ ሀብቱ ምን ያህል ነው?

መልስ፦ ስለ ገንዘብ አልመልስም።

ጥያቄ፦ ከሴናና ከፕሮስት ማን ይበልጣል?

መልስ፦ በምን ይበልጣል? ዓመቱን ለይታችሁ ጠይቁ ብያለሁ።

ሌላ አባል፦ በ1989 በጃፓን ሱዙካ ፕሮስት ሴናን ሆን ብሎ ነው የገጨው። መልሱ ይኸው ነው።

ሦስተኛ አባል፦ ወንድሜ፣ ሴና ራሱ በ1990 በዚያው ሜዳ በመጀመሪያው መታጠፊያ ፕሮስትን ገጭቶ አስወጥቶት፣ በቀጣዩ ዓመት ሆን ብሎ ያደረገው መሆኑን ተናግሮ የለም ወይ?

ሌላ አባል፦ ያ በቀል ነበር። የ1989ኙን የሴናን ድል የቀሙት ዳኞቹ ናቸው።

ሦስተኛ አባል፦ በቀል ከሆነ ሆን ተብሎ ነው ማለት ነው፤ እርስዎም አመኑ።

መልስ፦ ወንድሞቼ፣ ይህን ክርክር እዚህ ላይ አቁሙት። በ1989 ፕሮስት 76፣ ሴና 60 ነጥብ ነበራቸው፤ ስለ ግጭቱ ምንም ቢባል ዓመቱን ሙሉ በየውድድሩ ነጥብ የሰበሰበው ፕሮስት ነው። ልትመረምሩት የሚገባው 1988ን ነው። ከ16ቱ ውድድሮች 15ቱን ማክላረን ሲያሸንፍ ሴና 8፣ ፕሮስት 7 ወሰዱ። ፕሮስት ከውድድር ካልወጣባቸው 14 ውድድሮች በሁሉም አንደኛ ወይም ሁለተኛ ነበር፤ ጠቅላላ ድምሩ 105፣ የሴና ደግሞ 94 ሆነ። የሚቆጠሩት ግን 11 ብቻ ስለነበሩ ፕሮስት ሦስት ሁለተኛ ቦታዎች ተሰረዙበትና ሴና 90 ለ87 ሻምፒዮን ሆነ። ደንቡ ለሁለቱም እኩል ይታወቅ ስለነበር ሴና ዋንጫውን በሚገባ ነው የወሰደው፤ በዚያ ዓመት 13 ጊዜ ከፊት መነሳቱንም አልክድም። ነገር ግን በዚያ ዓመት ፕሮስት ደካማ ነበር የሚል ሰው ደንቡን አላነበበም።

ጥያቄ፦ ዝናብ ይፈራ ነበር ይባላል። በ1993 በዶኒንግተን በሴና በአንድ ዙር ተቀድሞ ሦስተኛ አልወጣም?

መልስ፦ ወጥቷል፤ በዚያ ቀን 7 ጊዜ ያህል ጎማ ለመቀየር ቆሟል፣ ውሳኔውም መጥፎ ነበር። ነገር ግን «ይፈራ ነበር» የሚለው ቃል ያሳዝነኛል። በ1982 በሆከንሃይም በዝናብ ልምምድ ሲያደርጉ፣ በዚያ ወቅት የዓለም ሻምፒዮናውን ይመራ የነበረው ዲዲየ ፒሮኒ ከጎማዎች በሚነሳው ውሃ ምክንያት ከፊቱ ያለውን ማየት አቅቶት የፕሮስትን መኪና ከኋላ ወጣበት። የፒሮኒ እግሮች ክፉኛ ተሰባበሩ፤ ወደ ፎርሙላ 1 ዳግመኛ አልተመለሰም። ፕሮስት ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ነው። መንገዱ መንሸራተቱን አይደለም የሚጠላው፤ ከፊት ያለውን አለማየትን ነው። በ1989 በአደላይድ ከአንድ ዙር በኋላ መኪናውን አቁሞ ወጣ፤ በዚያው ውድድር ሴና በውሃው ጉም ውስጥ ሳያየው ከፊቱ የነበረ መኪና ላይ ከኋላ ወጣ። ማን ትክክል እንደነበር እናንተው ፍረዱ።

ጥያቄ፦ ስለዚህ ከሁለቱ ማን ይበልጣል?

መልስ፦ ይህ ተጠይቆ ተመልሷል። ከላይ ያለውን አንብቡ።

ጥያቄ፦ የራሱ ቡድን ለምን ከሰረ?

መልስ፦ በ1997 ሊዥዬ የተባለውን ቡድን ገዝቶ በስሙ ጠራው፤ የፔዦ ሞተሮች አልሰመሩለትም፣ ገንዘብ አጠረውና በ2002 መጀመሪያ ተዘጋ። የቡድን አስተዳደር የእኔ ዘርፍ ስላልሆነ ከዚህ አላልፍም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከሴና ጋር ታርቀው ነበር?

መልስ፦ ታርቀዋል፣ እህቴ። በ1993 በአደላይድ የፕሮስት የመጨረሻ ውድድር ነበር፤ ያሸነፈው ሴና በመድረኩ ላይ ፕሮስትን እጁን ይዞ ወደ ላይኛው ደረጃ አወጣው። ስድስት ወር ሳይሞላ በግንቦት 1 ቀን 1994 ሴና በኢሞላ ሞተ። በሳኦ ፓውሎ አስከሬኑን ከተሸከሙት መካከል ፕሮስት አንዱ ነበር።