የቀላል አውሮፕላን ነዳጅ ፓምፕና ግፊት፦ ጥያቄና መልስ

ከኮምቦልቻና ከደሴ ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች መልስ ስሰጥ በአብዛኛው የምጠቅሰው በቀላል የስፖርት አውሮፕላኖች ላይ በብዛት የሚገኘውን፣ ባለ ሁለት ካርቡሬተሩን (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ክፍል) ሮታክስ 912 ሞተር ነው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ መምህር፣ ሞተሩ የራሱ ፓምፕ ካለው የኤሌክትሪኩ ለምን ያስፈልጋል?

በማርሽ ሳጥኑ ላይ የታሰረው ፓምፕ የሚሠራው ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ብቻ ነው። ሞተሩ ሲዞር ዲያፍራሙን (በፓምፑ ውስጥ ያለውን ስስ ተለጣጭ ጎማ) ይስበውና ቤንዚን ከታንክ ይገባል፤ ቤንዚኑን ወደ ካርቡሬተር የሚገፋው ግን ስፕሪንግ ስለሆነ ግፊቱን በዋናነት የሚወስነው የስፕሪንጉ ጥንካሬ ነው። ካርቡሬተሩ ሞልቶ መርፌው የቤንዚኑን መግቢያ ሲዘጋ ስፕሪንጉ የሚገፋበት ቦታ ስለሚያጣ ዲያፍራሙ እንደተሳበ ይቆያል። ይህ ዲያፍራም ከተቀደደ ሞተሩን የሚያቆየው የኤሌክትሪኩ ፓምፕ ነው፤ በተለይ ሲነሱና ሲያርፉ፣ መሬት ቅርብ ሆኖ ለማሰብ ጊዜ በማይገኝበት ሰዓት፣ አስቀድሞ መከፈቱ የግድ ነው እላለሁ።

ጥያቄ፦ ትክክለኛው ግፊት ስንት ነው?

ዝቅተኛው 0.15 ባር፣ ከፍተኛው 0.4 ባር ነው፤ አዳዲሶቹ ፓምፖች እስከ 0.5 ባር ስለሚፈቀድላቸው የራስዎን ሞተር መመሪያ ይመልከቱ። ከወለሉ በታች ሲወርድ ሞተሩ ነዳጅ ይጠማዋል፤ ከጣሪያው ሲያልፍ ደግሞ ቤንዚኑ መርፌውን ገፍቶ ከካርቡሬተሩ ይፈስሳል፣ ይህም በጋለ ጭስ ማውጫ አጠገብ የእሳት አደጋ ነው።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ የአገራችን ከፍታ ለውጥ ያመጣል ወይ?

በሚገባ ያመጣል። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ደሴ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ የመፍያው ሙቀት ከፍ ይላል። ቤንዚንም በከፍታ ላይ በአነስተኛ ሙቀት ይተናል፤ ፓምፕ ከሩቅ ታንክ ሲስብ በቱቦው ውስጥ ያለውን ግፊት ይበልጥ ስለሚቀንስ አረፋው መጀመሪያ የሚፈጠረው በመሳቢያው በኩል ነው። ጌጁ በአብዛኛው የሚያሳየው ከፓምፑ በኋላ ያለውን፣ ከአካባቢው አየር ጋር የተነጻጸረ ግፊት ስለሆነ ይህን አስቀድሞ አይነግርዎትም። ስለዚህ የኤሌክትሪኩ ፓምፕ ከታንኩ ዝቅ ብሎ፣ በቅርቡ ቢታሰር እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ትኩስ ሞተር ጠፍቶ ወዲያው ሲነሳ ጌጁ ለምን ይንቀጠቀጣል?

ሞተሩ ሲቆም ቀዝቃዛ አየር ስለማያገኝ በሞተሩ ሽፋን ውስጥ ያለው ሙቀት ይጨምርና በቱቦው ያለው ቤንዚን ይተናል። ከማስነሳትዎ በፊት የኤሌክትሪኩን ፓምፕ ከፍተው ጌጁ እስኪረጋ ይጠብቁ፤ ትነቱ በመመለሻው መስመር ወደ ታንክ ይሄዳል። በመመለሻው ላይ ያለችው ጠባብ ቀዳዳ ከተደፈነች ግን አረፋው መውጫ ያጣል።

ጥያቄ፦ ግፊቱ ትክክል ከሆነ ፓምፑ ደኅና ነው ማለት ነው?

አይደለም፤ በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ፊልተሩ በግማሽ ቢደፈንም፣ ሞተሩ ትንሽ ነዳጅ ሲፈልግ ጌጁ ጥሩ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ባለ 100 ፈረስ ጉልበቱ ሞተር ሲነሳ በሰዓት 27 ሊትር ያህል ይጠጣል፤ በፓምፕ ለሚመገብ አነስተኛ አውሮፕላን በተለመደው መመዘኛ መሠረት ፓምፑ የዚህን 125 በመቶ፣ ማለትም በደቂቃ 560 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማቅረብ አለበት። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ከቤት ውጭ፣ እሳት ማጥፊያ አጠገብዎ አድርገው፣ የአውሮፕላኑን አፍንጫ እንደሚወጣበት ቀና አድርገው፣ ቱቦውን ከካርቡሬተሩ ፈትተው በኤሌክትሪኩ ፓምፕ ወደ መለኪያ ዕቃ ለአንድ ደቂቃ ይልቀቁት። የወጣውን መጠን በደብተር ይመዝግቡ፤ በየጊዜው እየቀነሰ ከመጣ ጌጁ ሳይናገር ችግሩን ያውቁታል።

ጥያቄ፦ በበረራ ላይ ግፊቱ ቢወርድስ?

የኤሌክትሪኩን ፓምፕ ይክፈቱ፤ ካልተስተካከለ ወደ ሌላው ታንክ ይቀይሩ። ቢስተካከልም የቀረዎት አንድ ፓምፕ ብቻ ሊሆን ስለሚችል በቅርብ ወደሚገኘው ማረፊያ ይሂዱ። የቤንዚን ሽታ ካለ ግን ቱቦ ተቀድዶ ሊሆን ይችላልና፣ ፓምፑን መክፈት ፍሳሹን ያባብሰዋል፤ በዚህ ጊዜ የኤሌክትሪኩ ፓምፕ ተዘግቶ እንዳለ ሞተሩ በሚሰጠው ኃይል ፈጥነው ያርፉ።