ምላስ ላይ «ፒ16 ፖዘቲቭ» ሲመጣ፦ ስለ ኤችፒቪ፣ ስለ መቆጣትና ስለ አፍና ጉሮሮ ካንሰር ለቀረበው ጥያቄ መልስ

ጤና ይስጥልኝ። የአንገት በላይ ሬዚደንት የሆነው ወንድማችን ሦስት ነገር አያይዞ ጠይቋል። የምላስ ካንሰር ያለበት ታካሚ ሪፖርት ላይ «ፒ16 ፖዘቲቭ» የሚል መጥቷልና በሽታው ከኤችፒቪ (ከሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ) ነው ማለት ይቻላል ወይ? ለዓመታት የሚቆጣ ድድና አልድን ያለ ቁስል በራሱ ካንሰር ያመጣል ወይ? የሚያመጣ ከሆነስ ፀረ ብግነት (መቆጣትን የሚቀንስ) መድኃኒት ሰጥቶ መከላከል አይቻልም ወይ?

ባጭሩ፦ ምላስ ላይ የታየ ፒ16 ብቻውን ኤችፒቪን አያረጋግጥም። መቆጣት ጉዳቱን የሚያበዛው ጂኑ የተበላሸበትን ሴል በሕይወት አቆይቶ በማሳደግ ነው። ለመከላከያ ተብሎ የሚታዘዝ ፀረ ብግነት መድኃኒት የለም። ዝርዝሩ ግን ሥራ ላይ ስለሚጠቅም ልዘርዝረው።

መጀመሪያ፣ የትኛው ምላስ ነው? የሚንቀሳቀሰው የፊተኛው ሁለት ሦስተኛ የአፍ ክፍል ነው። ከኋላው ያለው የምላስ ስር ግን ከቶንሲልና ከላንቃው ለስላሳ ክፍል ጋር ኦሮፋሪንክስ (ከአፍ ጀርባ ያለው የጉሮሮ ክፍል) ውስጥ ይመደባል። የጥያቄ ወረቀቱ ላይ «የምላስ እብጠት» ተብሎ ብቻ ሲላክ ፓቶሎጂስቱ (ናሙናውን የሚመረምረው ሐኪም) የትኛውን ምርመራ መሥራት እንዳለበት ማወቅ አይችልም፤ ስህተቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ፒ16 የታካሚው የራሱ ፕሮቲን እንጂ የቫይረሱ አይደለም። ሥራው የሴል መከፋፈልን መግታት ነው። የኤችፒቪ ኢ7 ፕሮቲን አርቢ የተባለውን የመከፋፈል በር ጠባቂ ሲያጠፋው፣ ሴሉ መከፋፈሉን ለማስቆም ፒ16ን በብዛት ያመርታል፤ ጠባቂው ስለሌለ ግን ምርቱ ቢከማችም ፋይዳ የለውም። ሌላው የቫይረሱ ፕሮቲን ኢ6 ደግሞ ኢ6ኤፒ ከሚባል የሴሉ ኢንዛይም ጋር ተጣምሮ፣ የተጎዳ ሴልን የሚያስቆመውን የፒ53ን ፕሮቲን ያስወግዳል። ስለዚህ ኤችፒቪ ባመጣው ካንሰር ውስጥ የፒ53 ጂን አብዛኛውን ጊዜ ሳይነካ ይገኛል።

ከትምባሆና ከአልኮል የሚመጣው የዚህ ተቃራኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የካንሰር ጂኖም አትላስ ጥናት 279 ዕጢዎችን መርምሮ፣ ኤችፒቪ ከሌለባቸው ውስጥ በ84 በመቶ ያህሉ ላይ የፒ53 ጂን ሚውቴሽን አግኝቷል። ፒ16ን የሚሠራው ሲዲኬኤን2ኤ የተባለው ጂንም ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ጠፍቶ ወይም ተበላሽቶ ነበር። አንዱ በሽታ ፒ16ን ሲያጠፋ ሌላው ያትረፈርፈዋል፤ ምርመራው የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ታዲያ የፊተኛው ምላስ ላይ ለምን አያስተማምንም? አርቢን የሚያጠፋው ኤችፒቪ ብቻ ስላልሆነ ነው። የአርቢ ጂን በራሱ ሚውቴሽን ሲበላሽም ፒ16 ይጨምራል። አፍ ውስጥ ኤችፒቪ የሚያመጣው ካንሰር ጥቂት ስለሆነ ፖዘቲቭ ከሚወጡት ውስጥ የሐሰቱ ድርሻ ከፍ ይላል። ኦሮፋሪንክስ ላይ እንኳ፣ በ2023 የ7,654 ታካሚዎችን መረጃ ያሰባሰበ ጥናት የፒ16ና የኤችፒቪ ውጤት በ9 በመቶ ገደማ ላይ እንዳልተስማማ አሳይቷል። አንዱ ብቻ ፖዘቲቭ የሆነላቸው ታካሚዎች የመዳን ዕድላቸው ሁለቱም ፖዘቲቭ ከሆኑት ያነሰ ነበር።

ስለዚህ የታካሚህ ዕጢ የፊተኛው ምላስ ላይ ከሆነ የፒ16 ውጤቱን ለደረጃ ምደባም ለሕክምና ውሳኔም አትጠቀምበት። የምላስ ስር ከሆነ ስንት በመቶ ሴል እንደተቀለመ ጠይቅ። መስፈርቱ ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑት የዕጢው ሴሎች በኒውክሊየስም በሳይቶፕላዝምም መካከለኛ ወይም ጠንካራ ቀለም መያዛቸው ነው። እዚህም እዚያም የተረጨ ቀለም ፖዘቲቭ አይባልም፤ ጤነኛ የቶንሲል ስርጉድ ሽፋን ራሱ እንዲህ ይቀለማል። ውጤቱ ከዕጢው መልክ ጋር ካልሄደ፣ ለምሳሌ ብዙ ኬራቲን (የቆዳና የጥፍር ጠንካራ ፕሮቲን) የሚሠራ ዕጢ ሆኖ ፒ16 ፖዘቲቭ ከመጣ፣ ብሎኩ (ናሙናው የተቀበረበት ሰም) ለኤችፒቪ ዲኤንኤ ወይም አርኤንኤ ምርመራ መላክ አለበት። ያ በማይገኝበት ቦታ የፒ53 ቀለም ይረዳል፦ በሁሉም ሴል ላይ ጠንክሮ መታየቱ ወይም ጨርሶ አለመታየቱ የጂን ሚውቴሽንን ይጠቁማል፤ ይህም ኤችፒቪን ያራርቃል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ናሙናው ደህና ከሆነ ነው። ሳይበረዝ የሚመጣው ፎርማሊን 40 በመቶ ያህል ፎርማልዴሃይድ ስለሆነ፣ አንድ እጁ በዘጠኝ እጅ በፈር (አሲድነቱን በሚያመጣጥን ፈሳሽ) ተበርዞ 10 በመቶ በፈርድ ፎርማሊን መሆን አለበት። ሳይበረዝ ሲጠቀሙበት የናሙናውን ገጽ አድርቆ ውስጡን ሳያዳርስ ይቀራል። መጠኑ ከናሙናው ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን። ናሙናው ከተወሰደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይግባ፤ ቢያንስ 6፣ ቢበዛ 72 ሰዓት ይቆይ። ረጅም በዓል ሲመጣ ሳምንት የሚከርም ናሙና የፒ16 ቀለሙ ሊደክም፣ ዲኤንኤውም ሊቆራረጥ ይችላል። ሴላይን (የጨው ውሃ) ውስጥ አድሮ የሚላክ ባዮፕሲ (የሥጋ ናሙና) ደግሞ ይበሰብሳል።

ወደ መቆጣቱ እንምጣ። ጥያቄው «መቆጣት ወይስ ጂን» ተብሎ ሲቀርብ ሁለቱ የተለያዩ ይመስላሉ፤ ሴሉ ውስጥ ግን ተያያዥ ናቸው። የትምባሆ ጭስ ውስጥ ያለው ቤንዞፓይሪን ዲኤንኤ ላይ ይጣበቃል። አልኮል ወደ አሴታልዴሃይድ ይቀየራል፤ ይህን የሚሠራው ጉበት ብቻ ሳይሆን የአፍ ባክቴሪያና ካንዲዳም ነው፤ የአፍ ንጽሕና የጎደለው ጠጪ የበለጠ የሚጋለጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በሱዳን የሚወሰደው ቶምባክ ኒትሮሳሚን የተባሉትን የትምባሆ መርዞች እጅግ በከፍተኛ መጠን ይዟል። የኛው ሱረትም ትምባሆ ነውና የሕመም ታሪክ ሲወሰድ «ሲጋራ ያጨሳሉ?» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ጫት ላይ የተሠሩት ጥናቶች ግን ወጥ መልስ አልሰጡም፤ አብሮት የሚጨሰውና የሚጠጣው ነገር መለየት አለበት።

እነዚህ ሁሉ ሽፋኑን ሲጎዱት ሴሎቹ ኢንተርሊውኪን-1 አልፋ የተባለ የመቆጣት መልእክት ይለቃሉ፤ እሱም ኤንኤፍ-ካፓ ቢ የተባለውን ማብሪያ ያነቃል። ከዚያ ኢንተርሊውኪን-6 ይወጣና ስታት3ን ያነቃል፤ ሴሉ ከሞት ይተርፋል። ኢንተርሊውኪን-8 ኒውትሮፊል የተባለውን ነጭ የደም ሴልና አዲስ የደም ሥር ይስባል። ኮክስ-2 የተባለው ኢንዛይም ፕሮስታግላንዲን ኢ2 ያመርታል፤ እሱ ገዳይ ቲ ሴሎችን ያዳክማል። ኒውትሮፊሎቹ የሚለቁት ኦክሲጅን ወለድ መርዝ ደግሞ የዲኤንኤውን ጓኒን ይለውጥና ተጨማሪ ሚውቴሽን ያመጣል። ጤነኛ ሴል ይህን ያህል ጉዳት ሲደርስበት በፒ53 አማካይነት ቆሞ ይጠግናል ወይም ይሞታል። ፒ53 የሌለው ሴል ግን ሁለቱንም አያደርግም፤ የመቆጣቱን የማነቃቂያ መልእክት ብቻ ይቀበላል። ዋናው ነጥብ ይህ ነው።

የሚገርመው፣ መነሻቸው የተለያየ ሦስት በሽታዎች እዚሁ መንገድ ላይ መገናኘታቸው ነው። የአፍ ካንሰር በከፊሉ ካስፔዝ-8ን ያበላሻል፤ ቲኤንኤፍ የተባለው የመቆጣት መልእክት ሞትን የሚያዝበት በር ይዘጋና ኑር የሚለው ትእዛዝ ብቻ ይቀራል። ኤችፒቪ ያመጣቸው በርካታ ዕጢዎች ኤንኤፍ-ካፓ ቢን የሚገታውን ትራፍ3 ያጣሉ። ከአፍንጫ ጀርባ የሚነሳው የናዞፋሪንክስ ካንሰር ውስጥ ደግሞ የኤፕስታይን-ባር ቫይረስ ኤልኤምፒ1 ፕሮቲን ያንኑ ማብሪያ በቀጥታ ያነቃል። ሌላም አለ፦ ሴሎች ቫይረስን ለመከላከል የሚጠቀሙባቸው አፖቤክ የሚባሉ ኢንዛይሞች የሰውየውን ዲኤንኤ ሳይቀር ይቀይራሉ፤ በኤችፒቪ ካንሰር ላይ ደጋግመው የሚታዩት የፒአይኬ3ሲኤ ሚውቴሽኖች የነሱን አሻራ የያዙ ናቸው።

ይህን ያየ ሰው «እንግዲያው ኮክስ-2ን ብንዘጋውስ?» ማለቱ አይቀርም። ተሞክሯል። በአፍ ውስጥ ነጭ ነጠብጣብ ላላቸው ሰዎች ኮክስ-2ን የሚዘጋው ሴሌኮክሲብ ተሰጥቶ ከባዶ ክኒን የተሻለ ውጤት አላሳየም። የሴል እድገት መልእክትን የሚዘጋው ኤርሎቲኒብም ለአንድ ዓመት በየቀኑ 150 ሚሊግራም ተሰጥቶ ካንሰሩን አላስቀረም። እ.ኤ.አ. በ2005 ላንሴት ላይ የወጣ፣ 908 ሰዎችን አጠናሁ ያለ የኖርዌይ ጽሑፍ ፀረ ብግነት መድኃኒት የአፍ ካንሰርን እንደሚቀንስ አውጆ ነበር፤ በ2006 መረጃው የፈጠራ መሆኑ ተረጋግጦ ተሰረዘ። ይህን የምጽፈው ያ ጽሑፍ አሁንም አልፎ አልፎ በማስተማሪያ ስላይድ ላይ ስለማይ ነው፤ እባካችሁ አውጡት።

የድድ በሽታን ማከም በራሱ ተገቢ ነው። ከካንሰር ጋር ያለውን ዝምድና ግን ትምባሆ ያደናግረዋል፤ የሚያጨስ ሰው ድዱም ይበላሻል። ጥርስ መነቀል ካለበት ከጨረር ሕክምናው ቢያንስ 14 ቀን ቀድሞ ይነቀል፤ በኋላ ሲነቀል የመንጋጋ አጥንት ሞት ሊከተል ይችላል።

መቆጣት ምርመራንም ያሳስታል። ካንዲዳ የያዘው ሽፋን በማይክሮስኮፕ የቅድመ ካንሰር ለውጥ ሊመስል ስለሚችል፣ ፈንገስ ከታየ አክሞ እንደገና ባዮፕሲ መውሰድ ያስፈልጋል። ስለታም ጥርስ የሚፈገፍገው ቁስል ጥርሱ ተስተካክሎ በ2 ሳምንት ካልዳነ ባዮፕሲ ይወሰድ። ናሙናው ከቁስሉ መሐል ከሞተው ሥጋ ሳይሆን ከጠርዙ፣ ቀይና ነጭ ከተቀላቀለበት ደግሞ ከቀዩ ይሁን፤ ከሽፋኑ ሥር ያለውም ሥጋ ይግባበት። ያለዚያ ወረራ መኖር አለመኖሩን መናገር አይቻልም።

እኛ ዘንድ ከሁሉ የሚከፋው ስህተት አንገት ላይ ነው። አዋቂ ሰው ንፍፊት ይዞ ይመጣል፣ በመርፌ ይወሰዳል፣ ፈሳሽና የሞተ ሴል ይታያል፣ «ቲቢ ሊሆን ይችላል» ተብሎ የስድስት ወር መድኃኒት ይጀመራል። ከኤችፒቪ ካንሰር የሚዛመተው ንፍፊት ብዙ ጊዜ ውሃ የቋጠረ ነው፤ መርፌው ፈሳሹን ብቻ ሲስብ ካንሰሩ አይታይም። የፈሰሰ ኬራቲን ደግሞ ግዙፍ ሴሎችን ስለሚጠራ ቲቢ ያስመስላል። ስለዚህ በአልትራሳውንድ እየታየ ከግድግዳው ይወሰድ፤ የተረፈው ለሴል ብሎክ ፎርማሊን ውስጥ ይግባ፤ ለቲቢ ጂንኤክስፐርት አብሮ ይላክ። አልኮል ውስጥ የተቀመጠ ናሙና የፒ16 ቀለሙ ስለሚደክም ኔጌቲቩን አትመኑ። ቲቢ ካልተረጋገጠ ቶንሲልና የምላስ ስር በጣት ይዳሰሱ፣ የአፍንጫ ጀርባም በኢንዶስኮፕ ይታይ። አንድ ጆሮው ብቻ ውሃ ቋጥሮ መስማት የቀነሰ አዋቂ ከሆነና ፒ16 ኔጌቲቭ ከመጣ፣ ለኤፕስታይን-ባር ቫይረስ ኢበር ምርመራ ይጠየቅ። የኢንፌክሽን ምልክት ሳይኖር አንቲባዮቲክ መደጋገም ጊዜ ይበላል፤ ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ፣ ከ1.5 ሴንቲሜትር የበለጠ ወይም የጠነከረ እብጠት ካንሰር አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ አይለቀቅ።

በመጨረሻ ስለ ሕክምናው፣ ምክንያቱም ጥያቄው ውስጥ «ፖዘቲቭ ከሆነ ቀለል ያለ ሕክምና ይበቃል?» የሚል ነገር ነበረበት። ኤችፒቪ ያለበት የኦሮፋሪንክስ ካንሰር ለጨረር ጥሩ ምላሽ ይሰጣል፤ ለዚህም ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ የራሱ የደረጃ ሰንጠረዥ አለው። ነገር ግን ከጨረር ጋር የሚሰጠውን የካንሰር መድኃኒት ሲስፕላቲንን ሴቱክሲማብ በተባለው መድኃኒት ለመተካት የተደረጉት ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ታካሚዎችን ጎድተዋል፦ በአንደኛው አምስት ዓመት በሕይወት የመቆየት ዕድል ከ84.6 ወደ 77.9 በመቶ ወርዷል። ስለዚህ ኩላሊቱና ጆሮው ለሚችል ታካሚ 70 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ከሲስፕላቲን ጋር አሁንም መደበኛው ነው። ከጥናት ውጭ በፒ16 ሪፖርት ብቻ መጠን የሚቀነስበት መሠረት የለም፤ በተለይ ያ ፒ16 ከፊተኛው ምላስ የመጣ ከሆነ።