የአባትሽ ካሴቶች በምን ዓይነት ፋይል ይቀመጡ?

ከኮምቦልቻ የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዬ አባቷ ሲያልፉ 80 ካሴት ትተውላታል። አብዛኛው ባለ 60 ደቂቃ ነው። ከሱቅ የተገዛ ዘፈን አለበት፣ ቤት ውስጥ የተቀዳ መንዙማ አለበት፣ የሠርግ ጭፈራም አለበት። የእህቷ ልጅ 12ቱን ወደ ኤምፒስሪ ገልብጦላታል፣ በ128 ኪሎቢት። «ጭብጨባው ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል» ትላለች። አንዱ ዋቭ አድርጊው ይላታል፣ ሌላው ፍላክ ይላታል። እጇ ላይ ያለው አንድ ባለ 64 ጊጋ ፍላሽ ነው። እናቷ ፍላሽ በሚቀበል ሬዲዮ መስማት ይፈልጋሉ። ጅዳ ያለው ወንድሟ ደግሞ በቴሌግራም ላኪልኝ ብሏታል። «ጋሼ፣ የቱን ልምረጥ?» ነው ጥያቄው።

አብሽሪ እህቴ። አንዱን ብቻ መምረጥ የለብሽም። ሁለት ዓይነት ፋይል ነው የሚያስፈልግሽ። አንዱ ለማስቀመጥ፣ ሌላው ለመስማት። ሰው የሚሳሳተው ሁለቱንም በአንድ ፋይል ልጨርስ ሲል ነው።

እኔም ተሳስቼበታለሁ። ደሴ ላይ ካሴት መገልበጥ በጀመርኩ ሰሞን ሜሞሪ ውድ ነበር። የአንድ ደንበኛዬን የሠርግ ካሴት ቦታ እንዲቆጥብ ብዬ በ128 ኤምፒስሪ ገልብጬ ሰጠሁት። ከዓመታት በኋላ «ጥራት ያለው ካለህ ስጠኝ» ብሎ መጣ። ካሴቱን ቤቱ ያፈሰሰው ዝናብ አበላሽቶታል። እኔም ዘንድ ከዚያ የተሻለ አልነበረም። የእናቱ ድምፅ እዚያ ካሴት ላይ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ እናት ፋይል ሳላስቀር አንድም ካሴት አልገለበጥኩም። «እናት» የምለው የሚቀመጠውን ነው፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ ይወለዳል።

እናቱ ፍላክ ይሁን። ለምን? ጋቢ አስቢ። ጋቢውን አጥፈሽ ሳጥን ውስጥ ብትከቺው የሚይዘው ቦታ ይቀንሳል። ስታወጪው ግን ያው ጋቢ ነው፣ አንድ ክር አይጎድለውም። ፍላክ ማለት ይኸው ነው። ዋቭ ሳይታጠፍ የተዘረጋው ጋቢ ነው። በድምፅ አይለያዩም፣ በቦታ እንጂ። ኤምፒስሪ ግን ጋቢውን ቆርጦ ነው የሚያሳንሰው። ጆሮ አይለየውም ብሎ የገመተውን ይጥላል። የተጣለ አይመለስም። ስለዚህ 12ቱን ኤምፒስሪ ወደ ፍላክ ብትቀይሪያቸው ፋይሉ ይተልቃል እንጂ ድምፁ አይድንም። ካሴቶቹ እስካሉ ድረስ እንደገና ይቀዱ።

ስለ ጭብጨባው የጻፍሽው ትክክል ነው፣ ጆሮሽ አልተሳሳተም። ኤምፒስሪ ድምፁን በትንንሽ ቁራጭ እየከፈለ ነው የሚሠራው። ድንገተኛ ምት ሲመጣ ስህተቱ በቁራጩ ሙሉ ይሰራጫል። ስለዚህ ከጭብጨባው ቀደም ብሎ እንኳ ጥላው ይሰማል። የካሴቱ «ሽሽ» የሚል ድምፅ ደግሞ ይጨመርበታል። ሽሽታ ሥርዓት የለውም፣ ለማሳነስም አይመችም። 128 ኪሎቢት በሰከንድ የተሰጠው ራሽን ነው፤ ሽሽታው ከራሽኑ ብዙውን ይበላና ለድቤውና ለጭብጨባው ትንሽ ይተርፋል። ለዚህ ነው የወሎ ድምፅ ለኤምፒስሪ ከባድ ፈተና የሚሆነው። ዜማው አይጠፋም፤ አምባሰሉ አምባሰል፣ ባቲው ባቲ ሆኖ ይቀራል። የሚሄደው የመንዙማው ጭብጨባ፣ የማሲንቆው የጭራ ፍትጊያ፣ የዋሽንቱ ትንፋሽ ነው። ለእኔ ደግሞ ሰውዬው ፊት ለፊቴ የተቀመጠ እንዲመስለኝ የሚያደርገው እሱ ነው።

ፍላክን የምወድበት ሌላም ምክንያት አለኝ። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ያለ፣ ማንም በነፃ የሚጠቀምበት ፎርማት ነው። አንድ ኩባንያ ቢዘጋ ፋይልሽ አብሮ አይዘጋም። ደግሞ የድምፁን ማኅተም በውስጡ ይይዛል። ከዓመታት በኋላ በፕሮግራም ስታስፈትሺው ድምፁ ተበላሽቶ እንደሆነ ይነግርሻል። የዘፋኙን ስም፣ ቦታውን፣ ዘመኑንም በአማርኛ ፊደል ልትጽፊበት ትችያለሽ።

ቁጥሩን እናስላ። በ48 ኪሎኸርዝ (ድምፁ በሰከንድ 48 ሺህ ጊዜ ይለካል ማለት ነው) እና በ24 ቢት (የእያንዳንዱ ልኬት ዝርዝርነት ነው) ቅጂ። አንድ ሰዓት በዋቭ 1 ጊጋ ገደማ ይሆናል፣ 80ው ካሴት 83 ጊጋ ያህል ነው። ፍላክ ሲሆን እንደ ቅጂው ይለያያል እንጂ ወደ 55 ጊጋ ይወርዳል ብለሽ ያዢ። ሽሽታ የበዛበት ካሴት እዚህም ብዙ አይታጠፍም። 24 ቢት ካሴቱን አያሻሽለውም፣ ይህን ልብ በይ። ጥቅሙ ስትቀጂ ድምፁን ዝቅ አድርገሽ እንድትቀጂ ነፃነት መስጠቱ ነው። በመቅጃው ፕሮግራም የድምፅ መለኪያ ላይ ከፍተኛው ጩኸት ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ ቢቆም ጥሩ ነው። ዜሮን ካለፈ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ድምፅ አይጠገንም። 96 ኪሎኸርዝ አድርጊ የሚልሽን አትስሚው። የካሴት ቴፕ በሰከንድ 4.76 ሳንቲሜትር ብቻ ነው የሚሄደው፤ ቤት የተቀዳ ካሴት ላይ ያን ያህል የሚይዘው ድምፅ የለም።

ፍላሹ ላይ ግን እናቱን አታስቀምጪ። ፍላሽ ያለ ማስጠንቀቂያ ይሞታል። ሁለት ሃርድ ዲስክ ያዢ፣ አንዱ ቤትሽ፣ ሌላው ዘመድ ቤት ይቀመጥ።

ፍላሹ የእናትሽ ይሁን። ብዙዎቹ ትንንሽ ሬዲዮዎችና የቆዩ የመኪና ቴፖች የሚያውቁት ኤምፒስሪ ነው። ከፍላኩ 256 ኪሎቢት ኤምፒስሪ አውጪላቸው። የአንድ ሰዓት ቅጂ 115 ሜጋ ነው፣ ሁሉም ካሴት ከ10 ጊጋ አይበልጥም። ፍላሹ በፋት32 ፎርማት ይደረግ። የፋይሉን ስም በቁጥር ጀምሪው፣ አንዳንዱ ሬዲዮ የአማርኛ ፊደል አያሳይም። ለወንድምሽም ይኸው ኤምፒስሪ ይበቃል። በቴሌግራም በፋይልነት ላኪለት፣ እንዳለ ይደርሰዋል። ስልኩን ቴፑ አጠገብ አድርገሽ የድምፅ መልእክት አትላኪለት፤ እሱ ለንግግር የተሠራ ነው፣ ዘፈን ያበላሻል። ኦፐስ የሚባለው ፎርማት ባነሰ ቦታ ከኤምፒስሪ ይሻላል፣ ግን የእናትሽ ሬዲዮ አያውቀውም።

ፎርማቱ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን የተበላሸ ቅጂ አያድንም። የቴፑን ሄድ፣ ማለትም ካሴቱን እየነካ ድምፁን የሚያነበውን ብረት፣ በአልኮልና በጥጥ አጽጂ፣ በየጥቂት ካሴቱ ድገሚው። ድምፁ የታፈነ ከሆነ የሄዱ ትንሽ ብሎን ተዛብታ ይሆናል፣ ባለሙያ ያስተካክልልሽ። የላፕቶፕ የማይክ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ሞኖ ነው፤ ላይን ኢን (ከቴፕ በገመድ የሚመጣ ድምፅ መቀበያ ቀዳዳ) ያለው የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ግዢ። «ኡኡኡ» የሚል የመብራት ድምፅ ከገባ ቻርጀሩን ነቅለሽ በባትሪ ቅጂ። ነጭ ሻጋታ ያየሽበትን ካሴት ደግሞ አታጫውቺ፤ ሻጋታው ሄዱን ያቆሽሻል፣ ከዚያ ወደ ሌሎቹ ይተላለፋል።

አደራ የምልሽ አንድ ነገር አለ። እናቱ ላይ ሽሽታ አታጽጂ፣ ዘፈንም አትቁረጪ። አንዱን የካሴት ገጽ እንዳለ አንድ ፋይል አድርጊው። ማጽዳትና መቁረጥ በኮፒው ላይ ይሁን። ከመንዙማው መካከል የሚሰማው ሳል፣ የስኒው ኳኳታ፣ «ቶናው ደርሷል» የሚለው ድምፅ ለፕሮግራሙ ቆሻሻ ነው። አባትሽ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ እዚያ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። ስትቀጂ እናትሽን አጠገብሽ አስቀምጪ። ማን እንደሚያወጣ፣ ማን እንደሚቀበል፣ የማን ሠርግ እንደሆነ እሳቸው ያውቃሉ። ሲነግሩሽ ጻፊው።

ቤት ከተቀዱት ጀምሪ። የማሪቱ ለገሰን ካሴት ሌላ ቦታ ታገኚዋለሽ፣ የአባትሽን ግን ከዚያ ሳጥን ሌላ የትም አታገኚውም። ከመጀመርሽ በፊት በየካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ስበሪያቸው። በስህተት የመቅጃው ቁልፍ ቢነካ እንኳ ከዚያ በኋላ ቴፑ አይቀዳበትም።