ያው ጥያቄ፣ አሁንም ያው ጥያቄ

ልጆች፣ ሠላሳ አራት ዓመት ኦዲተር ሆኜ ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። ሰሞኑን ሥራ ከጀመሩት ልጆች አንዱ «ጋሼ፣ ጥያቄ የሚያበዛ ሰው ይጠላል እኮ፣ እርስዎ እንዴት ኖሩበት?» አለኝ። ልመልስለት ስል ትዝ ያለኝ የኛ አገር ሰው ሳይሆን ታም ዲዬል የሚባል፣ ከስኮትላንድ ተመርጦ ለንደን ባለው የብሪታንያ ፓርላማ የተቀመጠ ሰው ነው። ስሙ ሲጻፍ ዳልየል ነው የሚመስለው፣ ሲጠሩት ግን ዲዬል ይሉታል፣ እኔም ድሮ ኤዲንብራ ለአጭር ኮርስ ሄጄ ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ ዳልየል ስል ነው ያረሙኝ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ አትደናገሩ።

ሰውየው በ1932 ነው የተወለደው፣ የትልቅ ቤት ልጅ ነው፣ ኤተን የሚባለው የትልልቅ ሰዎች ልጆች ትምህርት ቤት ተምሮ ካምብሪጅ ገባ፣ እዛም የወግ አጥባቂ ተማሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ነበር። ወታደር ቤት ሲገባ ደግሞ የደረሰው ከጥንት አያቶቹ አንዱ የመሠረተው ክፍለ ጦር ነው፣ ግን የመኮንንነቱን ስልጠና ወድቆ ተራ ወታደር ሆኖ አገለገለ (ይሄን ሳነብ ብቻዬን ነው የሳቅኩት)። ከ1956ቱ የስዊዝ ቦይ ቀውስ (እንግሊዝ ግብፅን ከወረረችበት) በኋላ ሌበር የሚባለው የሠራተኞች ፓርቲ ገባ፣ አስተማሪ ሆነ፣ በ1962 ዌስት ሎዚያን በሚባለው የስኮትላንድ የምርጫ ክልል በማሟያ ምርጫ አሸነፈ፣ ያኔ 29 ዓመቱ ነው። ከዛ እስከ 2005 ድረስ አልወጣም፣ 43 ዓመት! አንድም ቀን ሚኒስትር ሳይሆን። መጨረሻ ላይ ከሁሉም ረጅም ዘመን የተቀመጠው እሱ ስለነበር የምክር ቤቱ አባት ይሉት ነበር።

ታዲያ እንደዚህ የቆየ ሰው በምን ይታወቃል ብትሉኝ፣ በጥያቄ። አልዳብራ የምትባል ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያለች ደሴት አለች፣ ግዙፍ ኤሊዎች የሞሉባት፣ በ1960ዎቹ የእንግሊዝ አየር ኃይል ማረፊያ ሊሠራባት ሲል ዲዬል ከሳይንቲስቶቹ መረጃ እየተቀበለ ለመንግሥት የጽሑፍ ጥያቄ በላይ በላዩ ማስገባት ጀመረ፣ ስንት ያስወጣል፣ ወፎቹስ ምን ይሆናሉ፣ ማን አጠናው እያለ። እውነቱን ለመናገር ፕሮጀክቱ የቀረው በ1967 መጨረሻ ፓውንድ ሲወርድና ብር ሲያጥር ነው። ግን ብር ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዘው ጥያቄ የበዛበት ፋይል ነው፣ ይሄን ኦዲተር የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

ትልቁ ጉዳይ ግን ቤልግራኖ ነው። በፎክላንድ ጦርነት ጊዜ፣ ሜይ 2 ቀን 1982፣ የእንግሊዝ ሰርጓጅ መርከብ ይህቺን የአርጀንቲና የጦር መርከብ አሰጠመች፣ 323 ሰው ሞተ። መንግሥት ለፓርላማው «መርከቧ ወደኛ ጦር እየተጠጋች ነበር» አለ። ዲዬል ቀድሞውኑ ጦርነቱን ተቃውሞ ከፓርቲው የፊት ወንበር (ከቃል አቀባዮቹ ቦታ) ተባሯል፣ ስለዚህ የሚያጣው ነገር የለም፣ ቁጭ ብሎ ትንንሽ ጥያቄ መጠየቅ ጀመረ። መርከቧ መጀመሪያ የታየችው መቼ ነው? በስንት ሰዓት ዞረች? ስትመታ አፍንጫዋ ወዴት ነበር? ልብ በሉ፣ «ዋሽታችኋል» የሚለውን መጀመሪያ አላመጣውም (በኋላማ ጠቅላይ ሚኒስትሯን ማርጋሬት ታቸርን ውሸታም ብሎ ከአንዴም በላይ ከምክር ቤቱ ታግዷል፣ እሱ ሌላ ነው)። የጠየቀው ሰዓትና አቅጣጫ ነው። ሰዓትና አቅጣጫ ደግሞ የሆነ ቦታ ተመዝግቦ አለ። ቀስ በቀስ መርከቧ እንግሊዝ በፎክላንድ ዙሪያ እንዳይገባበት ካወጀችው የ200 ማይል ክልል ውጭ እንደነበረችና ፊቷን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አገሯ እንዳዞረች ታወቀ። በ1984 ክላይቭ ፖንቲንግ የሚባል የመከላከያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ሰነዱን ለዲዬል ላከለት፣ በምስጢር ማውጣት ተከሰሰ፣ በ1985 ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች (ጁሪው) ነጻ ለቀቁት።

እዚህ ላይ ግን ሰውየውን ቅዱስ አላደርገውም። ታቸር መርከቧን ያሰጠመችው የሰላም ድርድሩን ለማፍረስ ነው ያለው ነገር አልተረጋገጠም፣ የመርከቧ ካፒቴን ራሱ በኋላ የጦርነት ተግባር ነው ብሏል። የጠየቀው ልክ ነበር፣ የገመተው ግን አልተረጋገጠም። ሁለቱን ለዩልኝ።

በራሱ ፓርቲ ላይም ያው ነው። በ1977 የሌበር መንግሥት ለስኮትላንድ የራሷን ምክር ቤት ልስጥ ሲል ዲዬል ተነሳ። «የኔ ክልል ውስጥ ብላክበርን የሚባል ቦታ አለ፣ እንግሊዝ ላንካሻየር ውስጥም ብላክበርን አለ፣ ነገ ስለራሴ ሰዎች ትምህርት ቤት የሚወስነው የስኮትላንድ ምክር ቤት ስለሚሆን እኔ ድምፅ መስጠት ሳልችል ስለ እንግሊዞቹ ግን ልሰጥ ነው ወይ?» ነው ነገሩ። ኢኖክ ፓወል የሚባል ሌላ የፓርላማ አባል «የዌስት ሎዚያን ጥያቄ» ብሎ ስም አወጣለት። የስኮትላንድ ፓርላማ በ1999 ተከፈተ፣ ለጥያቄው መልስ ይሆናል ተብሎ በ2015 ደንብ ወጣ፣ በ2021 ተሻረ፣ ዲዬል በ2017 ሞተ፣ ጥያቄው አሁንም አለ።

ቤቱን አይቼዋለሁ፣ ቢንስ ይባላል፣ ሊንሊዝጎ አጠገብ ነው፣ ጎብኚ ይገባል። ያ ክፍለ ጦሩን የመሠረተው የጥንት አያቱ ከሰይጣን ጋር ካርታ ሲጫወት ሰይጣን ተበሳጭቶ ጠረጴዛውን ወርውሮ ኩሬ ውስጥ ከተተው ይላሉ፣ ጠረጴዛው እዛው አለ፣ የኮቴ ምልክትም ያሳዩአችኋል። ሰውየውን አላገኘሁትም፣ ጣዎሶቹ ግን ግቢው ውስጥ ሲጮኹ ሰምቻለሁ።

አሁን የኔን ልንገራችሁ። በሠላሳዎቹ ዕድሜዬ አንድ መሥሪያ ቤት የነዳጅ ኩፖን ሳይ አንዷ ፒካፕ በወር የቀዳችው ነዳጅ ጎንደር ደርሳ መልስ አራት ጊዜ የሚያስኬድ ነው፣ መኪናዋ ግን ከአዲስ አበባ አልወጣችም። እኔ ምን አደረግኩ? በማግስቱ ስብሰባ ላይ ሃያ ሰው ፊት «ሌብነት ነው!» ብዬ ተነሳሁ። ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጋራዥ ስሄድ የኪሎሜትር መዝገቡ የለም፣ «ውሃ ፈሶበት ተጣለ» ተባልኩ። ኮፒ አላደረግኩትማ! ለሦስት ዓመት የጽሕፈት መሣሪያ ስቶር ቆጠራ ላይ ተመደብኩ፣ እስክሪብቶ ስቆጥር ኖርኩ። ያኔ ዲዬልን ባውቀው ኖሮ ዝም ብዬ መኪናዋ ሰኞ ጠዋት ስንት ኪሎሜትር ላይ ነበረች፣ ዓርብስ? ብዬ በደብዳቤ እጠይቅ ነበር፣ ካልመለሱልኝ በሳምንቱ ያንኑ ደብዳቤ ቀን ብቻ ቀይሬ።

ለጠየቀኝ ልጅም ያልኩት ይሄንኑ ነው። ጥላቻው አይቀርልህም፣ ዲዬልንም ወዳጆቹ ሳይቀሩ ነዝናዛ ይሉት ነበር። መዝገቡን ግን ዛሬውኑ ኮፒ አድርገው፣ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ከገባህ ማሽኑ ጋ ሰው የለም።