አሮጌ ባለ ፓምፕ ፋኖስ ለምታድሱ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን በብረታ ብረት ሥራና ሞያ በማስተማር ያሳለፍሁ የባሕር ዳር ሰው ነኝ። ከእናንተ መካከል አሮጌ ባለ ፓምፕ ፋኖሶችን ከየቤቱ እየገዛችሁ፣ አድሳችሁ ለሆቴሎችና ለእንግዶች የምትሸጡ አላችሁ። ሥራውን እወደዋለሁ፤ ስለምወደውም አንድ ነገር አጥብቄ እነግራችኋለሁ፦ ከውስጥ ጀምሩ። ነሐሱን መወልወል የሥራው መጨረሻ ነው። አሁን የማየው ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ፋኖሱ ፊት እስኪያሳይ ይወለወላል፣ የፓምፑ ቆዳ ግን ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ላምባ የሚይዘው ጋኑም በብየዳው በኩል ያፈስሳል። ያንን ፋኖስ ገዝቶ ላምባ ሞልቶ የሚለኩሰው ሰው ልጆች ያሉበት ቤት ውስጥ ነው የሚለኩሰው።

አሠራሩ ያልገባው ሰው ፒንሳ ባያነሳ ይሻላል። ኩራዝና ተራው ፋኖስ ላምባውን በክር ስበው ያቃጥላሉ፤ ብርሃናቸውም የነበልባሉ ብርሃን ነው። ባለ ፓምፑ ግን በሌላ መንገድ ነው የሚሠራው። በፓምፑ የገባው አየር ላምባውን ተጭኖ በቱቦ ወደ ላይ ይገፋዋል። ላምባው በጋለው ማትነኛ ቱቦ ሲያልፍ ተን ይሆናል፤ ተኑም የመርፌ ጫፍ በምታህል ቀዳዳ በኃይል ሲወጣ አየር ስቦ ይቀላቀልና ማንትል በሚባለው የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ይነድዳል። ነበልባሉ ራሱ ሰማያዊና ደብዛዛ ነው፤ ቤቱን የሚያበራው በሙቀት የጋለው ማንትል ነው። ማንትልን የፈለሰፈው ኦስትሪያዊው ኬሚስት ካርል አወር ፎን ቬልስባክ ሲሆን፣ የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1885 አስመዘገበ፤ በ1891 ደግሞ 99 በመቶ ቶሪየም ኦክሳይድና 1 በመቶ ሴሪየም ኦክሳይድ የያዘውን የተሻለ ዓይነት ለገበያ አቀረበ። ቶሪየም በመጠኑም ቢሆን ጨረር ያመነጫል። ስለዚህ የተሰባበረ አሮጌ ማንትል ስታገኙ ዱቄቱን እፍ ብላችሁ አታብንኑት፤ በእርጥብ ጨርቅ ሰብስቡና እጃችሁን ታጠቡ።

ጋኑን ስትከፍቱ አሮጌው ላምባ ቡናማ ሆኖ፣ ከሥሩም ዝቃጭ ይዞ ይወጣል። በቦይ አትድፉት። የከተማችን ቦይ መድረሻው ጣና ነው፤ አምባዛውም ቆሮሶውም ከዚያ ነው የሚወጣልን።

ከዚያ ፓምፑን አውጡ። በዘንጉ ጫፍ ላይ የቆዳ ቆብ ታገኛላችሁ፤ አብዛኛው ብልሽት እዚያ ነው። ቆዳው ደርቆ ከተኮማተረ የፓምፑን ግድግዳ አይነካም፤ ስትነፉም እጃችሁ ምንም የሚቋቋመው ነገር አያገኝም። ካልተቀደደ ዘይት ውስጥ አሳድሩት፤ ጠዋት ጠርዙን በጣታችሁ ዙሪያውን እየዘረጋችሁ ወደ ውጭ ክፈቱት። ከተቀደደ ግን የብስክሌት ጠጋኞቻችንን ጠይቁ፤ የአሮጌው የብስክሌት ፓምፕ ቆዳም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው፣ ልክ አድርገው ሊቆርጡላችሁ ይችላሉ። ቀጥሎ በፓምፑ ሥር ያለችውን ማገጃ ተመልከቱ፤ አየሩ እንዳይመለስ የምትከለክል፣ በትንሽ ሞላ የምትገፋ ናት። ነፍታችሁ እጃችሁን ስትለቁ ዘንጉ በራሱ ወደ ላይ ከመጣ ማገጃዋ እያሳለፈች ነው። ይህን እያያችሁ ክብሪት የምትጭሩ ከሆነ ሌላ ሥራ ፈልጉ። ማገጃዋ ካልያዘች ላምባው ወደ ፓምፑ ይገባል፣ ከፓምፑም ወደ እጃችሁ።

የመጀመሪያው ሙከራ ያለ እሳት ነው። ባዶውንና የታጠበውን ጋን ዝጉት፤ መለኪያው ቀዩን መስመር እስኪነካ ንፉና ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ንከሩት። መለኪያው መክደኛው ላይ ያለ ከሆነ መክደኛውን ከውሃው በላይ አድርጋችሁ በሳሙና አረፋ ፈትሹት። አትቸኩሉ። ትልቁን አረፋ ማንም ያያል፤ የሚያሳስበኝ እንደ ጤፍ ፍሬ ደቅቃ ከብየዳው ሥር አልፎ አልፎ የምትወጣዋ ናት። መክደኛው የሚያፈስስ ከሆነ ጎማውን መለወጥ ይበቃል። ጋኑ ራሱ ከተሰነጠቀ ወይም በጥልቅ ከተጨረመተ ግን ለእሳት አይሆንም። ለጌጥ ሽጡት፤ እንዳይለኮስም ጽፋችሁ አንጠልጥሉበት። ውስጡ ላምባ የነበረበትን ጋን በደንብ ሳታጥቡ ለብየዳ መስጠት ደግሞ የሰው ነፍስ ያጠፋል።

በእሳት የምትሞክሩት ውጭ ነው። ቤት ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል የማይታይና የማይሸት መርዛማ ጋዝ ይከማቻል። ነፋስ በማይመታው ጓሮ ማለዳ ሞክሩ፤ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ሲነሣ ነፋሱ ነበልባሉን ያወዛውዘዋል። የደንገል ክምርና ታንኳ ካለበትም ራቁ። አሸዋ የሞላ ባልዲ አጠገባችሁ ይሁን፤ በላምባ እሳት ላይ ውሃ አይደፋም። ጋኑን እስከ አፉ አትሙሉት፣ አንድ አራተኛው ለአየር ይቅር። ማትነኛውን በአልኮል አሙቁ፤ አንድ ጊዜ ካልበቃው ድገሙት። ነገር ግን የአልኮል ነበልባል በቀን ብርሃን አይታይምና፣ መጥፋቱን ሳታረጋግጡ አልኮል አትጨምሩ። ፋኖሱ ቢጫ ነበልባል ወደ ላይ ከተፋ ላምባው ገና አልተነነም ማለት ነው፤ የአየሩን ብሎን ፍቱ፣ ግፊቱ ይውጣ፣ ከመጀመሪያው ጀምሩ። ማንትሉ ከተቀደደም ወዲያው አጥፉ፤ በቀዳዳው የሚወጣው ነበልባል መስተዋቱን ይሰነጥቃል። በትክክል ሲሠራ ድምፁ ወጥ የሆነ እሽታ ነው፣ አይቆራረጥም። ጆሯችሁን አስለምዱት።

ከቆላ የመጣ ጥሩ ፋኖስ እዚህ ቀልቶ ሲነድ፣ ጥቀርሻም ሲያበዛ ታያላችሁ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከአምስት እጅ አራቱ ያህል ነው። ላምባው ያው ሆኖ አየሩ ሲሳሳ ቅልቅሉ ይበላሻል። መጀመሪያ የአየር መግቢያውንና መቀላቀያ ቱቦውን ከጥቀርሻና ከሸረሪት ድር አጽዱ። ተኑ የሚወጣባት ቀዳዳ በማጽጃ መርፌ ብዙ ከመወጋቷ የተነሣ ሰፍታ ከሆነ ቀዳዳዋ ያለችበትን አፍንጫ ለውጡ። ካልተስተካከለ በቀዳዳዋና በመቀላቀያ ቱቦው መካከል ያለውን ርቀት ፋኖሱ ቀዝቅዞ እያለ በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሳችሁ፣ በየጊዜው እየለኮሳችሁ እዩት።

ስለ መወልወሉ ጥቂት ልበል። ፔትሮማክስ የሚባሉት አሮጌዎቹ የበርሊን ባለ ፓምፕ ፋኖሶች ኒኬል የተቀቡ ናቸው። ቢጫው ነሐስ ይታይ ብሎ ኒኬሉን በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ማበላሸት ነው፤ ጋኑ ላይ የታተመው የፋብሪካው ስምና ቁጥርም አብሮ ይሄዳል። ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል።

ስትሸጡ በገዥው ፊት ለኩሱት፤ ከዚያ አጥፍቶ ራሱ እንዲለኩስ አድርጉ። የአየሩን ብሎን እንዴት እንደሚፈታ በእጁ ያሳያችሁ። የለወጣችሁትን ዕቃ ሁሉ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት፤ ለላምባ በተሠራ ፋኖስ ቤንዚን እንዳይሞላበትም በደማቅ ጻፉ። «ቤንዚን ብሞላበትስ?» ብሎ ደጋግሞ የሚጠይቃችሁ ከሆነ ገንዘቡን መልሱለትና ፋኖሱን ይዛችሁ ቅሩ።