አንዱ ሳጥን ሳልፈልግ በየገጹ ይለወጣል፣ ሌላው ፈልጌም አይለወጥም

የአንድ የሙያ ማሠልጠኛ ተቋም ድረ ገጽ የሚያስተዳድሩ አንባቢያችን በአንድ ደብዳቤ ሁለት ችግር ጽፈውልናል። ድረ ገጹ ዎርድፕረስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም የተሠራ ሲሆን እያንዳንዱ ኮርስ የራሱ ገጽ አለው። ጠያቂያችን የኮርሱን ስም፣ የሚጀመርበትን ቀን፣ ክፍያውንና የመመዝገቢያ አዝራሩን የያዘውን የምዝገባ ካርድ ፓተርን፣ ማለትም አንዴ ተሠርቶ በብዙ ገጽ የሚገባ ቅንብር፣ አድርገው በየገጹ አስገቡት፤ ሆኖም በልብስ ስፌት ገጽ ላይ ክፍያውን ሲያስተካክሉ የሒሳብ አያያዙም የኮምፒውተር ጥገናውም ክፍያ አብሮ ተለወጠ። የስልክና የአድራሻ ሳጥኑንም እንዲሁ ፓተርን አድርገውት ነበር፤ የቢሮው ስልክ ሲቀየር ግን ፓተርኑን አርመው ቢያስቀምጡም ገጾቹ አሮጌውን ቁጥር እንደያዙ ቀሩ። «የተበላሸው ፕሮግራሙ ነው ወይስ አሠራሬ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ፕሮግራሙ ደህና ነው። ሁለቱም ችግሮች የመጡት ፓተርኑ ሲፈጠር ከስሙ ሥር ከሚታየው «ሲንክድ» (ከዋናው ጋር የተያያዘ) ከሚለው ማብሪያ ነው። ማብሪያው በርቶ የተፈጠረ ፓተርን ይዘቱ የሚቀመጠው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በገጹ ውስጥ የሚጻፈው የፓተርኑን መለያ ቁጥር የያዘች አንዲት መስመር ስለሆነች ዋናው ሲታረም ሁሉም ገጽ አብሮ ይታረማል። ማብሪያው ጠፍቶ የተፈጠረው ግን ወደ ገጹ ሲገባ ሙሉ ቅጂው ይገለበጣል፣ ከዚያ በኋላ ከዋናው ጋር አይገናኝም። እርስዎ ካርዱን በርቶ፣ የስልክ ሳጥኑን ጠፍቶ ፈጥረዋቸዋል ማለት ነው፤ ሊሆን የሚገባው ደግሞ ከሞላ ጎደል ተገላቢጦሹ ነበር። እስከ ነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ማለትም ዎርድፕረስ 6.3 እስኪወጣ ድረስ የመጀመሪያው ዓይነት «ሪዩዘብል ብሎክ» ይባል ስለነበር የቆዩ የቪዲዮ ትምህርቶች ሪዩዘብል ብሎክንና ፓተርንን እንደማይገናኙ ነገሮች ያስተምራሉ፤ ግራ መጋባቱ በአብዛኛው ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

አንድ ጊዜ የተፈጠረ ፓተርን ዓይነቱን የሚቀይር ቁልፍ ስለሌለው የስልኩን ሳጥን እንደ አዲስ መፍጠር ያስፈልጋል። አንዱን ገጽ ይክፈቱና ቁጥሩን አርመው ሳጥኑን በሙሉ ይምረጡ፤ ክፍሎቹ ተበታትነው ከሆነ አስቀድመው ግሩፕ በማድረግ አንድ ላይ ያሰባስቧቸው። ከዚያ ከሦስቱ ነጥቦች «ክሪኤት ፓተርን» የሚለውን ተጭነው ሲንክድ መብራቱን ያረጋግጡ። ለስሙ «አድራሻና ስልክ፣ በሁሉም ገጽ የሚለወጥ» የሚል ዓይነት ግልጽ ስም ቢሰጡት በኋላ የሚረከብዎት ሰው አይሳሳትም። ቀሪው ሥራ በየገጹ አሮጌውን ሳጥን ሰርዞ አዲሱን ማስገባት ነው፤ ይህን በእጅ ከመሥራት ሌላ አስተማማኝ አቋራጭ የለም።

የትኛው ገጽ እንደቀረ ለማወቅ ግን ገጾቹን አንድ በአንድ መክፈት አይጠበቅብዎትም። በዳሽቦርዱ (በማስተዳደሪያው ክፍል) የገጾች ዝርዝር ላይ ባለው መፈለጊያ አሮጌውን ቁጥር ይጻፉ፤ ቁጥሩ በውስጣቸው ያለባቸው ገጾች ብቻ ይወጣሉ። የተካው ፓተርን በገጹ ውስጥ መለያ ቁጥሩን እንጂ ስልኩን ስለማይጽፍ፣ የጨረሱት ገጽ ከዝርዝሩ ይወጣል፤ ዝርዝሩ ባዶ ሲሆን ሥራው አልቋል። ነገር ግን አንዱ ገጽ ላይ በ09፣ ሌላው ላይ በ+251፣ ሌላው ላይ ደግሞ በየመሐሉ ክፍተት እየተደረገ ተጽፎ ሊሆን ስለሚችል በእያንዳንዱ አጻጻፍ ይፈልጉ። ስልኩ ሲነካ የሚደውል ሊንክ ካለውም የሚታየው ቁጥር ታርሞ ሊንኩ በአሮጌው እንዳይቀር ሊንኩን ራሱን ከፍተው ይዩት፤ ይህ ስሕተት በኮምፒውተር ላይ አይታወቅም፣ የሚያገኘው በስልኩ የደወለው ተመዝጋቢ ነው። ሳጥኑ በየገጹ ግርጌ ብቻ የሚታይ ከሆነ ደግሞ ፓተርንም አያስፈልገው፤ ቦታው የቴሙ ፉተር፣ ማለትም የድረ ገጹ መልክ የሚወሰንበት ንድፍ የግርጌ ክፍል ነው።

ካርዱ ትንሽ ይለያል። ቅርጹ፣ ቀለሙና የክፍሎቹ አቀማመጥ ለሁሉም አንድ እንዲሆን፣ ስሙ፣ ቀኑና ክፍያው ግን በየገጹ እንዲለያይ ይፈልጋሉ። ብዙ ሰው የሚመክረው ካርዱን በየገጹ «ዲታች» አድርጎ፣ ማለትም ከዋናው አላቅቆ፣ ነጻ ማውጣት ነው፤ እኔ ግን አልመክርም፤ ምክንያቱም ነገ የአዝራሩን ቀለም መለወጥ ሲፈልጉ አሁን በስልኩ ሳጥን ያጋጠመዎት ችግር በካርዱም ይደገማል። ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. የዎርድፕረስ 6.6 ጀምሮ «ኦቨርራይድ» የሚባል መፍትሔ አለ። «ኤዲት ኦሪጅናል» ብለው ዋናውን ፓተርን ይክፈቱ፤ የኮርሱን ስም የያዘውን ርዕስ መርጠው በጎን ካለው ፓነል «አድቫንስድ» ሥር «ኢኔብል ኦቨርራይድስ» የሚለውን ይጫኑና ለክፍሉ ስም ይስጡት። ቀኑን፣ ክፍያውንና አዝራሩንም እንዲሁ ያድርጉ። ከዚያ በኋላ እነዚህን ብቻ በየገጹ መጻፍ ይቻላል፤ የቀረው ሁሉ ከዋናው ጋር እንደተያያዘ ይቆያል። 6.6 ይህን የሚፈቅደው ለርዕስ፣ ለአንቀጽ፣ ለምስልና ለአዝራር ስለሆነ ክፍያው በሠንጠረዥ ውስጥ ከተጻፈ ወደ ተራ አንቀጽ ያውጡት።

ለክፍሉ የሚሰጡትን ስም በጥንቃቄ ይምረጡ። በየገጹ የሚጻፈው ክፍያ የሚቀመጠው በዚያ ስም ሥር ስለሆነ፣ «ክፍያ» ያሉትን ከወራት በኋላ «የኮርስ ክፍያ» ብለው ቢቀይሩት ገጾቹ የጻፉትን ትተው ወደ ዋናው ጽሑፍ ይመለሳሉ። በዚሁ ምክንያት በዋናው ፓተርን ውስጥ እውነተኛ የሚመስል የብር መጠን አያስቀምጡ፤ ያልተሞላ ክፍል የዋናውን ጽሑፍ ያሳያልና። «ክፍያው እዚህ ይጻፍ» የሚል ጽሑፍ በስሕተት ቢወጣ ያሳፍር ይሆናል እንጂ የተሳሳተ ዋጋ አምኖ የመጣ ተማሪ ጋር አያጣላም።

የጠፉትን ክፍያዎች በተመለከተ የየገጹን ሪቪዥን (ቀድሞ የተቀመጡ ቅጂዎቹን) በመፈተሽ አይድከሙ፤ ገጹ መለያ ቁጥሩን እንጂ ክፍያውን ይዞ አያውቅም። ቀድሞ የተጻፈው የሚገኘው ፓተርኑን ራሱን ከፍተው «ሪቪዥንስ» ውስጥ ሲመለከቱ ነው። ከዚያ የሚፈልጉትን ወደ ወረቀት ይገልብጡ እንጂ ወደ አሮጌው አይመልሱት፤ ከመለሱት ሁሉም ገጽ እንደገና አንድ ዓይነት ክፍያ ያሳያል።

አሮጌውን የስልክ ፓተርን ገጾቹን ከጨረሱ በኋላ ያለ ሥጋት ሊሰርዙት ይችላሉ፤ ቅጂው የተገለበጠ ስለሆነ የሚጎዳ ገጽ የለም። ሲንክድ የሆነውን ካርድ ግን በፍጹም እንዳይሰርዙ፤ ከሰረዙት በየገጹ ቦታው ባዶ ሆኖ ይቀራል፣ ጎብኚውም ምን እንደጎደለ አያውቅም። በመጨረሻም ድረ ገጹ ካሽ የሚያደርግ፣ ማለትም ገጾቹ ቶሎ እንዲከፈቱ ቅጂያቸውን የሚያስቀምጥ፣ ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) ካለው ፓተርን ባረሙ ቁጥር ካሹን በሙሉ ያጽዱ፤ አንዳንዶቹ የሚያጸዱት የታረመውን ገጽ ብቻ ሲሆን እርስዎ ያረሙት ደግሞ ገጽ ሳይሆን ፓተርን ነው።